በጉልበቴ የተናገርኩ ቀን

እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ድረስ ቡራዩ ውስጥ በሰፈራችን ከእኔ የበለጠ ምስጢር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የነፍስ አባት እንኳ የሚሰማው ሊናዘዝ የመጣውን ብቻ ነው። እኔ ግን መናዘዝ ያላሰበውንም እሰማ ነበር። ሰው ሁሉ እኔ ፊት እንዳሻው ያወራል። ጎረቤት ስለ ጎረቤት፣ ተከራይ ስለ አከራይ፣ ምራት ስለ አማት። ከመካከላቸው አንዷ ድምጿን ዝቅ ብታደርግ ሌላዋ «ኧረ እሷ አትሰማም፤ አውሪው» ትላታለች። እኔም ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስወለድ አየር አጥሮኝ አንጎሌ ላይ ጉዳት ደረሰብኝ። እጄ እኔ ያላዘዝኩትን ይሠራል፤ አንገቴ ደስ ወዳለው ያዘነብላል፤ ምላሴ ከእኔ ጋር ተኳርፎ ቀርቷል። በተረፈ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ነገር በየቦታው ነው። ችግሩ ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ነበር።

እማዬ ትወደኛለች። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔንና ታላቅ እኅቴን ኤደንን ያሳደገችው ብቻዋን ነው። ግን ለእማዬ እኔ ሁልጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። «ሚጣዬ፣ አሙ በይ» ትለኛለች። አዎ ለማለት ዓይኔን ወደ ላይ አነሣለሁ። እሷ ደግሞ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች፤ ሸረሪት ያየሁ ይመስላታል።

ማንበብ የተማርኩት ከኤደን ነው። ኤደን ብቻዋን ማጥናት ስለሚደብራት አጠገቤ ቁጭ ትልና ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ጮክ ብላ ታነባለች። ባዮሎጂም፣ ታሪክም፣ እንግሊዝኛም አብረን ጨረስን፤ ያልተፈተንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስልኳ ላይ ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፈውን አማርኛም ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አነብ ነበር። ኤደን ይህን ብታውቅ ኖሮ ብዙ ነገር አትጽፍም ነበር።

እንግዲህ ኤደን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ እማዬ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ አገኘች። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ቀን ቀን ማን ይጠብቀኝ? መፍትሔው የእማዬ ታላቅ እኅት፣ ከሱሉልታ ወዲያ ጫንጮ የምትኖረው እትዬ ዘነበች ሆነች። ይዛኝ ልትሄድ መጣች። ምክክሩ የተካሄደው እኔው ፊት፣ ምሳ እየተበላ ነው።

«ላም አለችኝ» አለች እትዬ ዘነበች። «ወተት ትጠጣለች። ደጅ አስቀምጣታለሁ፤ አየሩም ጥሩ ነው።»

«ትለምደው ይሆን?» አለች እማዬ።

«ምን የምትለምደው አለ? ለእሷ ቡራዩም ጫንጮም አንድ ነው።»

አንድ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ደግ ናት፤ ግን ጫንጮ ኤደን የለችም፣ እማዬ የለችም፣ ለእኔ ብሎ መጽሐፍ የሚከፍት ሰው የለም። ደጅ ተቀምጬ ላም ሳይ ዕድሜዬ ሲያልፍ ታየኝ። ጮህኩ። እማዬ ውኃ አጠጣችኝ።

ሆኖም የእማዬ ልብ አላረፈም። አብራት የምትሠራ ሴት ሰበታ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ኮምፒውተር የሚያስተምሩበት ቤት እንዳለ ነግራታለች። «ምናልባት ቀን ቀን ከያዙልኝ» ብላ ተስፋ አደረገች። እትዬ ዘነበች ሳቀች። «ኮምፒውተር? ለእሷ?» ሆኖም እናይላታለን ብላ እሺ አለች፤ ካልሆነ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ጫንጮ ይዛኝ ልትሄድ ተስማሙ። ልብሴ በፌስታል ታሰረ።

ጠዋት እማዬ ባጃጅ ልትጠራ ስትወጣ እትዬ ዘነበች ፀጉሬን ታበጥረኝ ጀመር። ብቻችንን ነን። 

«ላንቺ ብነግርሽ ምን አለበት፣ ለማንም አትናገሪም» አለችኝ። «ኦቦ ለማ… ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት… ላግባሽ ብሎኛል። ያ ረቢ! በዚህ ዕድሜዬ! እኅቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞታለች።» ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቆመ። «ደግሞ ጥሩ ሰው ነው እኮ።»

ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሣሁ። አግቢው ማለቴ ነበር። እትዬ ዘነበች ጣሪያውን አየችና «ሸረሪት የለም እኮ» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ተሽከርካሪ ወንበሬን አጣጥፎ ከኋላ አስገባና እማዬን «እሷስ የት ትወርዳለች?» ብሎ ጠየቃት። እንደ ዕቃ። እማዬ «ከእኔ ጋር ናት» አለች። ረዳቱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፈገግ አልኩለት፤ ደንግጦ «ሰበታ! ሰበታ!» እያለ ጩኸቱን ቀጠለ። ቀድሞም የምንሄደው ሰበታ ነው።

ቤቱ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። ገና በሩ ላይ ስንደርስ እትዬ ዘነበች አማተበች። ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወራሉ። አንዱ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ሌላው በአማርኛ፣ አፍንጫውን የታፈነ ሰው በሚመስል ድምፅ ፊደል ይቆጥራል። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን አዘንብለው ይተይባሉ። ስክሪናቸውን የሚያይ አንድም ሰው የለም፤ የአንዳንዶቹ ጭራሽ ጠፍቷል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሳባ እባላለሁ፤ አስተማሪዋ ነኝ» አለች አንዲት ወጣት ሴት፣ የጠረጴዛዎቹን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች ወደ እኛ መጥታ።

«ልጄን ላስመዘግብ ነበር» አለች እማዬ።

«ደስ ይላል። ሙሉ በሙሉ ነው የማታየው ወይስ ብርሃን ትለያለች?»

«ኧረ ታያለች! ዓይኗስ ደህና ነው። አትናገርም፣ አትራመድም እንጂ።»

መምህርት ሳባ ወደ ኮምፒውተሮቹ ጠቆመች። «እናቴ፣ እዚህ እኮ የምናስተምረው ዓይነ ስውራንን ነው። ኮምፒውተሩ የሚያወራው ለዚያ ነው፤ እኛ የማናየውን ያነብልናል።»

«ለአካል ጉዳተኞች ሲሉኝ…» አለች እማዬ፤ ቀሪው አልወጣላትም።

እትዬ ዘነበች ፌስታሉን አነሣች። «አላልኩሽም? ነይ እንሂድ፣ መኪና ሳያመልጠን።» ወንበሬን ወደ በሩ አዞረችው።

ያኔ ሆዴ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ብቻ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

«ማን ናት አሁን የጮኸችው?» አለች መምህርት ሳባ።

«እሷ ናት፤ ሲርባት እንዲህ ታደርጋለች» አለች እትዬ ዘነበች።

«ይሄ የረሃብ ድምፅ አይደለም» አለች መምህርት ሳባ። «ይሄ የንዴት ነው። እኔ በድምፅ ነው የምኖረው፤ አልሳሳትም።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ድምፄ ዞረች። «ስምሽ ማነው?»

«ትዕግሥት ትባላለች» አለች እማዬ።

«ትዕግሥት፣ የምናገረው የሚገባሽ ከሆነ አንድ ምልክት ስጪኝ።»

በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ጥያቄ ነበር። ዓይኔን ወደ ላይ አነሣሁ፤ እስኪያመኝ ድረስ ወደ ላይ። መምህርት ሳባ ትጠብቃለች። እኔም ዓይኔን ሰቅዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ጥያቄ የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ተገኝታ፣ እሷም መልሴን ማየት የማትችል ሆና አረፈችው! ባይከፋኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

«ምንም አላደረገችም?» አለች።

«ጣሪያ ነው የምታየው» አለች እማዬ። «ሁልጊዜ ጣሪያ ታያለች።»

«ሁልጊዜ? ምን ምን ጊዜ?»

«ስጠራት… ምግብ ልስጥሽ ስላት… ስጠይቃት…» የእማዬ ድምፅ መሐል ላይ ቆመ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አዲስ ነገር ያየች ሳይሆን የቆየ ነገር ትዝ ያላት ትመስል ነበር።

«እንግዲህ ትዕግሥት» አለች መምህርት ሳባ፣ «እኔ ዓይንሽን አላይም፤ አንቺ አትናገሪም። የሚሰማ ነገር ያስፈልገናል። ከሰውነትሽ የሚታዘዝሽ የቱ ነው?»

«እጇ እንኳ አይሆንም…» ብላ እማዬ ስትጀምር የግራ ጉልበቴን አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ጋር አጋጨሁት። ጓ! የእስክሪብቶ ማስቀመጫው ወደቀ።

«ውይ ይቅርታ» አለች እማዬ። «ጉልበቷ ነው። ቤትም በዚሁ ጉልበቷ ስንት ሻይ ደፍታብኛለች።»

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ መምህርት ሳባ።

ጓ!

«ሁለት ጊዜ።»

ጓ! ጓ!

መምህርት ሳባ እጇን አጨበጨበች። «አገኘነው! እናቴ፣ ልጅዎ ጉልበት አላት።»

ከዚያ ጠረጴዛዋ ሥር ያለ ካርቶን ትበረብር ጀመር። አንድ ያረጀ ማውዝ አወጣች፤ መሐሉ ያለው መሽከርከሪያ የለም። በግራ ጠቅታው ላይ የውኃ ጠርሙስ ክዳን በፕላስተር ለጠፈችበት። የእማዬን ሻርፕ ጠየቀችና ማውዙን ከወንበሬ ጎን ካለው ብረት ጋር፣ ክዳኑ ጉልበቴን እንዲነካ አድርጋ አሰረችው። ጉልበቴን ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ጠቅ አለ። ስመልሰው ለቀቀ።

«አሁን ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ኪቦርድ ልከፍትልሽ ነው» አለችኝ። «ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ማንም አይከፍልበትም፤ ማንም ደግሞ አይከፍተውም! ከዚህ በፊት እጁ የማይሠራለት ሰው መጥቶ ነው እኔም የተማርኩት።» እየተናገረች ጣቶቿ ይሮጣሉ፤ ኮምፒውተሩ የነካችውን ሁሉ ይነግራታል። «ፊደሎቹ ላይ ብርሃን በየመስመሩ ይወርዳል። የምትፈልጊው መስመር ላይ ሲደርስ ምቺው። ከዚያ መስመሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ፊደልሽ ላይ ሲደርስ ምቺው። የጻፍሽውን ኮምፒውተሩ ይነግረኛል። አንቺ ታያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ፊደል ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እሷ ከየት…» አለች እማዬ።

ጓ! አልኩ በጠረጴዛው።

ብርሃኑ መሄድ ጀመረ። ልቤ ከብርሃኑ ቀድማ ትሮጣለች። የመጀመሪያውን ዘገየሁና «ኤክስ» አለ። እትዬ ዘነበች «ኤክስ አለች» ብላ ራሷን ነቀነቀች። መምህርት ሳባ አጠፋችልኝ። «አትቸኩይ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ይመጣል።»

እንደ ኤደን በእንግሊዝኛ ፊደል ልጽፍ የምፈልገው አንዲት አጭር የአማርኛ ቃል ነበረች። ጠበቅኩ። መታሁ።

«ኢ» አለ ኮምፒውተሩ።

እንደገና ጠበቅኩ። «ኤም።»

ሌሎቹ ተማሪዎች መተየባቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። አገጬ ላይ ላብ ወርዷል፤ እማዬ ልትጠርግልኝ ስትጠጋ መምህርት ሳባ «ይተዋት» አለች።

«ቢ።»

አንዲት ፊደል ቀረችኝ። ብርሃኑ ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣ ይወርዳል…

ድፍን አለ። ብርሃኑ ጠፋ። የኮምፒውተሮቹ ወሬ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተቋረጠ።

«መብራት ሄደ» አለ አንዱ ተማሪ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ወሬያቸውን ጀመሩ። በበሩ ከሚገባው ጭላንጭል በቀር ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ለእነሱ ግን ምንም አልጎደለም፤ ክፍሉ ውስጥ የተጨነቅነው የምናየው ሦስታችን ብቻ ነን።

«ኢ፣ ኤም፣ ቢ» አለች መምህርት ሳባ። «እም… ብ…»

«እምብ ብሎ የሚጀምር ምን አለ?» አለች እማዬ። «እምብርት? ሆዷን አሟት ይሆን?»

እትዬ ዘነበች ጉልበቷን በእጇ መታች። «እምቧ! እምቧ ልትል ነው! ላሚቱን ነው! ትናንት ስለ ላሟ ነግሬያታለሁ፤ ወተት ትጠጫለሽ ብያታለሁ! ያ ረቢ! ልጄ ጫንጮ መሄድ ፈልጋለች!» እልልታዋን አቀለጠችው። ምኑንም ያላዩት ተማሪዎች አብረዋት እልል አሉ።

ጮህኩ። አንገቴን ወዘወዝኩ። ጠረጴዛውን ደጋግሜ መታሁ።

«እይዋት ስትደሰት!» አለች እትዬ ዘነበች።

እማዬ ዓይኗን ጠረገች። «እንግዲያው… ራሷ ከፈለገች…» ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ፤ እሱም በተቃራኒው ተተረጎመ። ፌስታሉ ከመሬት ተነሣ። እትዬ ዘነበች ሻርፑን ከወንበሬ ለመፍታት አጎነበሰች።

«መብራቱ እስኪመጣ ብትጠብቁስ?» አለች መምህርት ሳባ። «ቃሏን አልጨረሰችም።»

«ገባን እኮ፣ ልጄ። መኪና ያመልጠኛል።»

«አይቆጡኝና እናቴ» አለች መምህርት ሳባ እየሳቀች፣ «እኔ ከቤት ስወጣ የማላውቀው ሰው መጥቶ እጄን ይይዝና አስፋልት ያሻግረኛል። ደግ ሰው ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ማዶ ቆሜ ታክሲ እጠብቃለሁ። ታክሲዬ ግን መጀመሪያ በነበርኩበት በኩል ነበር። የጠየቀኝ የለም።»

እማዬ ሳቀች። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋና እኔን አየችኝ። ከዚያ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንጠብቃለን፣ እትዬ» አለች።

ጠበቅን። ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ ወረደበት። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ስልኳን ታያለች፤ እንደገና መንገዱን። መምህርት ሳባ ማውዙን እየዳሰሰች ፕላስተሩን ታጠብቃለች። እማዬ ግን ዓይኔን ትኩር ብላ ማየቷን አላቆመችም። ጎንበስ ብላ ዝናቡ እንዲሸፍንላት የፈለገች ይመስል በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ላሟን ነው?»

ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

«አይደለም?»

ዓይኔን ወደ ላይ አነሣሁ።

ጣሪያውን አላየችም። ያንን መቼም አልረሳውም፤ እማዬ በዚያ ጊዜ ጣሪያውን አላየችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«እትዬ» አለች ሳትዞር፣ «ላሟን አይደለም መሰለኝ።»

መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ ነቅተው ማውራት ጀመሩ። የእኔውም እንደ ሌሎቹ ባትሪው የሞተ አሮጌ ስለነበር ጽሑፌን ይዞብኝ ሄዷል። ከባዶ ተነሣሁ። «ኢ።» «ኤም።» «ቢ።»  ብርሃኑ መጣ፤ መስመሬን መታሁ፤ ወደ ፊደሌ ተጠጋ፤ መታሁ።

«አይ» አለ ኮምፒውተሩ።

«እምቢ» አለች መምህርት ሳባ።

«ማል ጄቴ?» አለች እትዬ ዘነበች። «ምን አለች?»

«እምቢ አለች!» አሉ ተማሪዎቹ በአንድነት።

«ምኑን ነው እምቢ?» አለች እማዬ፤ ድምጿ ቀጥኗል።

ሁለተኛው ቃል ረዥም ነበር። «ሲ»፣ «ኤች»፣ «ኤ»። ከኋላ አንዱ «ቻርጀር!» ብሎ ገመተ። «አትገምቱላት!» ብላ ተቆጣች መምህርት ሳባ። «ኤን»። «ሲ»። «ኤች»። መምህርት ሳባ «ጫንች…» ብላ ስታነብ እትዬ ዘነበች ከእኔ ቀድማ ጨረሰችው።

«ጫንጮ» አለች ቀስ ብላ።

ፊቷ ጠቆረ፤ እኔ ግን ቃሉን አልመለስኩትም። «የእኔን ቤት? እኔ ምን አድርጌያት ነው?» ከዚያ ተናደደች። «ይሄ ዕቃ ነው የሚያወራው እንጂ እሷ አይደለችም! እሷ መቼ ታውቅና! ካወቀች ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥር የነገርኳትን ትንገረኝ እስቲ!»

ተጠየቅኩ፤ መለስኩ። «ኦ።» «ቢ።» «ኦ።»

«ኦቦ» አለች መምህርት ሳባ።

«ኤል።»

እትዬ ዘነበች ዘላ ከፊቴ ቆመች። «በቃ! በቃ! ማሎ በሞቴ! አመንኩ!»

«ኦቦ ማን ነው?» አለች እማዬ።

«ማንም! ልጅቷ ትሰማለች፣ ታውቃለች፣ ምን አደረቀሽ!»

መቀጠል እችል ነበር። ግን ምስጢር ጠባቂነቴን አፍ ባወጣሁበት ቀን ላበላሸው አልፈለግሁም። ብርሃኑን ጠብቄ ማጥፊያውን መታሁት። ኮምፒውተሩ የጠፋውንም ፊደል ይናገራል። «ኤል» አለ። ቆይቶ «ኦ»። ቆይቶ «ቢ»። እትዬ ዘነበች ምስጢሯ ፊደል በፊደል ሲመለስላት ቆማ አዳመጠች። መጨረሻ ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመችው።

እማዬ ተጠጋችኝ። «ሁሉንም ትሰሚ ነበር?»

«ሁሉን» ብዬ ጻፍኩ።

«እያጠብኩሽ… ሳለቅስም? ምን በድዬ ነው እያልኩ ሳለቅስም?»

ዓይኔን ወደ ላይ አነሣሁ። ከዚያ ረዥም ጊዜ ወስጄ አንድ ቃል ጻፍኩላት። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩትን አማርኛ ኮምፒውተሩ አጣሞ ስላነበበው መምህርት ሳባ መድገም ነበረባት።

«አይዞሽ ትልዎታለች።»

እማዬ አንገቴ ሥር ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተማሪዎቹ እልል ይበሉ ወይ ዝም ይበሉ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እትዬ ዘነበች በዚያ ቀን ጫንጮ አልተመለሰችም፤ ሰበታ ቤት እስክንከራይ ድረስ ላሟን ለጎረቤት ሰጥታ ቡራዩ እኔን ጠበቀችኝ። ኦቦ ለማ ራሱ እስከ ቡራዩ ሊጠይቃት መጣና ምስጢሩ ያለ እኔ እርዳታ ወጣ፤ ዛሬ ተጋብተዋል። እኔ በመምህርት ሳባ ክፍል ብቸኛዋ ዓይኗ የሚያይ ተማሪ ሆኜ ተመዘገብኩ። ሥራዬ መብራት ሲመጣና ሲሄድ በጉልበቴ ማንኳኳት ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። ቆይቶም ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ፈተናዬን በኮምፒውተር ተፈተንኩ፤ አሁን በርቀት ኮሌጅ እማራለሁ። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያው ጉልበቴ ነው፤ የተጣደፈ ቦታ ካያችሁ ደክሞኝ ነው።

ሁሉ አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ። መብራት ዛሬም ይሄዳል። ቀልድ ጽፌ እስክጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሶ ይቆያል፤ ዘግይቼ ብቻዬን እስቃለሁ። ጉልበቴን የሚያመኝ ቀን ዲዳ ሆኜ እውላለሁ። ዛሬም እኔን ትቶ እናቴን «ምን ትበላለች?» የሚል አስተናጋጅ አይጠፋም።

እናንተ የምታነቡኝ ግን ቤታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ «አትሰማም» የተባለች ልጅ ካለች፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቋትና ጥቂት ቆዩ። ዓይኗን፣ እግሯን፣ የቅንድቧን እንቅስቃሴ እዩ። ኮምፒውተር ያላችሁም ያንን የተደበቀ ኪቦርድ አንድ ቀን ክፈቱት። መሣሪያው ከውጭ አገር እስኪመጣ የምትጠብቁ አስተማሪዎችም የተሰበረ ማውዛችሁን አትጣሉ። ብርቅ የሆነው መሣሪያው ሳይሆን ጠያቂው ነው።

በቅርቡ ከመምህርት ሳባ ጋር ሱሉልታ ሄድን። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለ፤ እንደ እኔው የማይናገር። አባቱ ሳሎን ተቀብሎን «በጣም የተመቸው ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሕፃናት መዝሙር ከፍተንለት ያያል» አለን። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥንቸሎች እየዘለሉ ይዘፍናሉ። የልጁ አገጭ ይታዘዘዋል። ማውዙን ከአገጩ ሥር አሰርንለትና ዝም ብለን ጠበቅን። አባቱ ሊገምት አፉን ሲከፍት መምህርት ሳባ እጇን አነሣች።

ልጁ ላብ በላብ ሆኖ አንዲት ቃል ጻፈ። ኮምፒውተሩ አነበባት፤ አባትየው ግን ስላልያዛት መምህርት ሳባ ደገመችለት።

«ዝጉት።»

አባትየው ቴሌቪዥኑን አየ፤ ልጁን አየ። እየሳቀም እያለቀሰም ሪሞቱን ፍለጋ ትራስ ሲገለብጥ፣ ልጁ ሌላ ቃል ጀምሮ ነበር።